ጎንበስ ያለ ሰላምታ

አየር ጤና፣ እኛ መንደር ውስጥ ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከግቢያችን ከፍ አለ። የብረት በራችን እንዲከፈት ከታች ተቆረጠና አጠረ። ከዚያ ወዲህ ሳላጎነብስ ወጥቼም ገብቼም አላውቅም ነበር። ቆይቶ በር በሌለበትም ማጎንበስ ጀመርኩ።

ፊት ለፊታችን በርበሬ የምትነግድ ጎረቤት አለችኝ። ጠዋት ጠዋት እሷ ወደ ሱቋ፣ እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እንገናኛለን። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ስለምበልጣት እኔ ካጎነበስኩት በላይ ታጎነብሳለች። አስተዳደጓን አደንቅ ነበር።

ወገቤ ሲብስ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ያየችኝ ወጣት ሐኪም ስልክ ላይ አቀርቅሬ እንደምውል፣ ፍራሼ የሚሰረጉድ እንደሆነ፣ ከባድ ቦርሳ እንደማንጠለጥል ጠየቀችኝ። በሩ ነው አልኳት። አልጻፈችውም። ጠዋትና ማታ ጀርባዬን ግድግዳ አስደግፌ እንድቆም አዘዘችኝ። ሌላ ሰፈር የሚኖረው ልጄም በያጅ አምጥቶ የበሩን ጉበን ከፍ አስደረገ። በሦስት ወር ቀጥ አልኩ።

ጎረቤቴ ያኔ ሰላምታ ተወች። መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ወደ አጥሩ ታዞራለች። የእድር ሴቶች እንደነገሩኝ፣ «ለሰው ላለማጎንበስ ስትል በሯን አስረዘመች» ብላ አዝናብኛለች። ሁለት ቀን ካልታየሁ መጥታ የምታንኳኳ ከእሷ በቀር ሰው የለኝም። እሁድ ከሰዓት ቤቷ ሄድኩ።

ወገቧን ይዛ ወጣች። የበሩንም የሕመሙንም ነገር ከመጀመሪያው ነገርኳት።

«እትዬ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያጎነበሱት ለእኔ አልነበረም?»

«ለበሩ ነው።»

«እኔ ታዲያ ከእርስዎ ዝቅ ልበል ብዬ ወገቤን የጨረስኩት ለበር ነው?»

ሁለት ወጌሻ ጋ ታሽታለች። ፍራሽም ቀይራለች። እስከ የት ዝቅ እንደምትል የምፈትናት ይመስላት እንደነበር ነገረችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ከእኔ ሌላ በጥፋቱ የሚጠየቅ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት በሮቻችን ፊት ተገናኘን። ሁለታችንም እንደ ወታደር ቀጥ ብለን ቆምን። ጫማዋን በደንብ አውቀዋለሁ፤ የግራው ተረከዝ ቀድሞ እንደሚያልቅ እንኳ አውቃለሁ። አገጯ ላይ ጠባሳ እንዳለ ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። እሷም ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ ለካ ረጅም ነዎት» አለችኝ።

ከረጢቷን አንስታ እስከ ዋናው መንገድ አብራኝ ሄደች።