ለማማ ፖኒ ጋብቻ ምስክር ፍለጋ፤ ከካቶር እስከ ረጃፍ

ዓርብ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ኮር ዊሊያም ሰፈር፣ ጁባ

ምግብ ቤቴን ለሠራተኛዬ አደራ ብዬ ስወጣ ማማ ፖኒ የእሑድ ቀሚሳቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ጎረቤቴ ናቸው። በጦርነቱ ዘመን ከባባ ዋኒ ጋር ጋምቤላ ገብተው፣ ኋላም አዲስ አበባ ኖረው፣ ልጆች አሳድገው ነው አገራቸው የተመለሱት። አማርኛቸው ከእኔ ይጣፍጣል።

ባልና ሚስቱ ይህን ሁሉ ዘመን አብረው ሲኖሩ ግን ቤተ ክርስቲያን ቆመው አልተጋቡም። ሁልጊዜ የሚቀድም ነገር ነበር። አሁን የካቶር ካቶሊክ ካቴድራል እንደ እነሱ የቆዩ ጥንዶችን በአንድ እሑድ ሊያጋባ ነው። የስም ምዝገባው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ማማ ፖኒ ደግሞ የጥምቀት ወረቀት የላቸውም።

እኔ ሚዜ ነኝ። ኦርቶዶክስ መሆኔን ባስታውሳቸው፣ "ታዲያ እጄን መያዝ ይከለክልሻል?" አሉኝ።

አንድ ሰዓት፣ ካቶር

ላዶ የሚባል ወጣት ባባ ዋኒንም ጨምሮ በራክሻው አደረሰን፤ ባጃጅ እዚህ ራክሻ ነው የሚባለው። የጠዋቱ ቅዳሴ በባሪ ቋንቋ እየተዘመረ ነበር። ከበሮው ከግንቡ ውጭ ድረስ ደረት ይመታል። ሴቶች ግቢውን ይጠርጋሉ፤ ዛፍ ሥር የትምህርት ቤት ልጆች ተራ ይዘው ቆመዋል።

ካህኑ፣ በጁባ አጠራር አቡና፣ ቢሮአቸው ግድግዳ ላይ የሀገረ ስብከቱ ካርታ ተሰቅሏል። ቁምስናዎቹን፣ ማለትም አጥቢያዎቹን፣ በጣታቸው አሳዩኝ፤ ከተማው ውስጥ ያሉትን፣ በክረምት መንገዳቸው የሚቆረጠውን የገጠሮቹን። ጣታቸው ረጃፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። "እናታችን ይህች ናት" አሉ። የጥንቶቹ ሚሲዮናውያን በነጭ ዓባይ መጥተው የሰፈሩት እዚያ ነው፤ ካቶር ኋላ የመጣች ልጅ ናት።

ማማ ፖኒም የተጠመቁት ረጃፍ ነው። ከድሮው መዝገብ ግን ከፊሉ በጦርነቱ ጠፍቷል፤ የእሳቸው ገጽም አልተገኘም። አቡና እንዳሉት፣ ጥምቀቱን በዓይኑ ያየ ሰው ቀርቦ ከመሰከረ ይበቃል። ባባ ዋኒ ወረፋ ሊጠብቁ አግዳሚው ላይ ቀሩ፤ እኛ ወደ ደቡብ ነጎድን።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ የረጃፍ መንገድ

ቀይ አቧራ፣ የማንጎ ጥላ፣ በሳፋ ዓሣ የተሸከሙ ሴቶች። በዛፎቹ መሃል ዓባይ ብልጭ እያለ ይጠፋል። ትኩስ ማንዳዚ፣ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ ገዝተን ለሦስት ተካፈልን፤ ማማ ፖኒ ግን የእሳቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። የክርስትና እናታቸው ሀቦባ (አያት) ክላራ በሕይወት እንዳሉ የሰሙት ባለፈው ሳምንት ነው። "አላውቅሽም ብትለኝስ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

ሦስት ሰዓት፣ ረጃፍ

የሸክላ ጡቡን ቤተ ክርስቲያን ወፍራም ግድግዳ ዘመን አጥቁሮታል። አጠገቡ ከባሕር ማዶ መጥተው እዚህ የቀሩ ካህናት መቃብር አለ፤ ፍየሎች በመካከሉ ይግጣሉ። ሀቦባ ክላራ ከጀርባ ባለው ጎጆ ደጃፍ ተቀምጠው ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ። ዓይናቸው ካየ ቆይቷል።

ማማ ፖኒ ተንበርክከው ስማቸውን ነገሯቸው። ንግግሩ በባሪ ነበር፤ ላዶ በጁባ ዓረብኛ ይተረጉምልኛል። አሮጊቷ የክርስትና ልጃቸው በጦርነቱ እንደሞተች ተነግሯቸው፣ አልቅሰው መቀመጣቸውን ተናገሩ።

"በእግዚአብሔር ቤት የማላውቀውን አልመሰክርም" አሉ። "ከዚያ ቀን ምን ታስታውሻለሽ?"

ማማ ፖኒ አንገታቸውን ደፉ። ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። እንደዚያው ሆነው አወሩ። በድሮው ሥርዓት ካህኑ በተጠማቂው ምላስ ላይ ጨው ያደርጋል። ማር ነው ብሎ ታላቅ ወንድማቸው አታሏቸው ኖሯል። ጨው ሲሆንባቸው የካህኑን ጣት ነከሱ።

ሀቦባ ክላራ ኦቾሎኒው ከጭናቸው እስኪበተን ሳቁ። "ደምቶ ነበር እኮ! በነጠላዬ የጠቀለልኩለት እኔ ነኝ" አሉና የማማ ፖኒን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ። ሁለቱም አለቀሱ። ላዶ መተርጎሙን ትቶ ወደ ዓባይ ዞረ።

ማማ ፖኒ ምስክርነቱን በወረቀት ጽፈን እንድንወስድ ሐሳብ አቀረቡ። አሮጊቷ እምቢ አሉ። ምርኩዛቸውን አስመጥተው፣ ለክብረ በዓል የሚለብሱትን ልብስ ለብሰው፣ ራክሻው ውስጥ በመካከላችን ተቀመጡ። መንገዱን በሙሉ ዘመሩ፤ ማማ ፖኒ ተቀበሏቸው፤ ማንዳዚውም ያኔ ተበላ።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ካቶር

አቡና ምስክርነቱን ጽፈው የሀቦባ ክላራን አሻራ ተቀበሉ። ብዕሩ ወደ ጥንዶቹ ስም ሲያመራ አሮጊቷ እጃቸውን አነሡ፤ ልጃቸውን የሚወስደውን ሰው ሳያውቁ አይሆንም። ባባ ዋኒ ቀርበው በርከክ አሉ። ሀቦባ ክላራ ግንባራቸውን፣ የጉንጫቸውን ሽብሽብ፣ የጎደለ ጥርሳቸውን ሳይቀር ዳሰሱ።

"ይህ እኮ ሽማግሌ ነው" አሉ ቅር ብሏቸው።

"ስይዘው ወጣት ነበር" አሉ ማማ ፖኒ።

አቡና እየሳቁ ሁለቱን ስም ጎን ለጎን ጻፉ።