ለጀልባዋ የመረጥኩላት እሳት

ወንድሜ ጣና ላይ ዓሣ የሚያሰግርባትን ትንሽ የእንጨት ጀልባ ሲገዛ ያለ የሌለ ጥሪቱን አፍስሶባታል። አንዳንዴ ውሃ ላይ ውለን ስለምናድር ምግብ አብሳይዋ እኔ ነበርኩ፤ ምድጃ መምረጡም የእኔ ፋንታ ሆነ።

እሱ ቡታጋዝ አለ። እኔ በጎማ የሚመጣ እሳት አላምንም። በላምባ የተሠራ ወጥ ደግሞ ላምባ ላምባ ይላል። "ከሰል ነው!" አልኩ፤ ግትር ነኝ፣ እሱም ያውቀዋል። ደምበጫ ያለችው እናታችን ደስ ብሏት የሸክላ ምድጃ ላከችልን። በእሷ ቤት እሳት ጠፍቶ አያውቅም፤ ሥራ ሲያልቅ ፍሙን አመድ ውስጥ ትዳፍነዋለች፣ በማግስቱ ገልጣ እፍ ትለዋለች። እኔም ያደግኩት እንዲሁ ነው።

በመጀመሪያው ጉዟችን ሽሮዬን ሠርቼ አወረድኩና ፍሙን ዳፈንኩት። የአፈር ወለል የለመደ እጅ! ዳርቻው ከዓይናችን ከራቀ በኋላ የሚቃጠል እንጨት ሸተተኝ። ምድጃውን ባነሳው ከሥሩ ያለው ጣውላ ቀልቷል፤ የሞተሩ ቤንዚን ጀሪካን እዚያው አጠገቡ ነው። ወንድሜ በባልዲ እየቀዳ ደፋበት።

ጢሱ ሲበርድ ቀና አልኩ። በአራቱም ማዕዘን ውሃ፣ እስከ ሰማዩ ጥግ ውሃ። በዚህ ሁሉ ውሃ መሐል ልንቃጠል ነበር! ከፍርሃቴ ይልቅ መደነቄ በዛ። ምን የሚያህል ነገር ላይ ምን በምታህል እንጨት እንደወጣን የገባኝ ያኔ ነው። ወንድሜ ባልዲውን አስቀምጦ የከሰለውን ጣውላ በጨርቅ ይወለውል ጀመር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጣውላው ተቀየረ፤ ቡታጋዝም ገባ። ለእናታችን ግን ትንፍሽ አላልንም።

ከጥምቀት በኋላ ጀልባዋን ልትመርቅልን መጣች። ጣናን አይታ አታውቅም። ዳር ቆማ ዓይኗን በእጇ ከልላ ተመለከተችና፣ "ይህን ሁሉ ማን ቀዳው?" አለች። ጀልባዋ ላይ እንደወጣች የጠየቀችው እሳቱን ነው። ለኩሼ አሳየኋት፤ ከዚያ ዘጋሁት። ድርግም። ጎንበስ ብላ ብታይ አመድ የለ፣ ፍም የለ። ፊቷ ጠቆረ። እኛ ዘንድ የአንድ ቤት እሳት ጠፋ ማለት ቤቱ ፈረሰ ማለት ነው። ምርቃቱ ቀረ ብዬ አፈርኩ።

ዓይኗ ግን ከሌሎቹ ነጣ ያለው አዲስ ጣውላ ላይ አረፈ። ከጎኑ የቀረችውን ጥላሸት በጣቷ ዳሰሰች።

"ፍሙን ዳፍኜው ነው" አልኳት።

አንዴ ወንድሜን፣ አንዴ እኔን አየች። እጇን ሐይቁ ውስጥ ነከረችና የራሰ መዳፏን ጣውላው ላይ አሳረፈች።

"እዚህስ ይጥፋ" አለች። "እናንተ ብቻ በደህና ግቡልኝ።"