የድጎማው ክርክር እና የግርማ አባት

ዛሬ ፒያሳ ሁለት ወንድማማቾች ማስካቸውን አገጫቸው ላይ እንዳደረጉ ሊደባደቡ ሲሉ መሃል ገብቼ ገላገልኩ።

ታላቅየው ጓደኛዬ ግርማ ነው፤ ፌዴራል መሥሪያ ቤት በጀት ክፍል ይሠራል። ታናሹ ዳዊት በትውልድ ከተማቸው፣ የክልል ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነው። ኦክስጅን ፍለጋ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር።

ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ካለ ካፌ ባንኮኒ ተደግፈን ማኪያቶ ይዘናል። ቴሌቪዥኑ በኮሮና ምክንያት ለክልሎች ተጨማሪ ድጎማ ይሰጥ አይሰጥ የሚለውን ክርክር ያሳያል።

«የፌዴራሉም ካዝና ተራቁቷል» አለ ግርማ። «ክልሎች ባላቸው ይብቃቁ።»

ዳዊት ስኒውን አስቀመጠ። «አባባን ኮሮና ይዞት እኛ ሆስፒታል ነው የተኛው። ለግርማ አትንገረው፣ ይደነግጣል ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ግርማ ኮሌታውን ያዘው። መሃል የገባሁት ያኔ ነው። (አካላዊ ርቀት የሚባለውን ሦስታችንም ረስተነዋል።)

«አሁኑኑ መኪና ይሂድና አባባ እዚህ ይምጣ» አለ ግርማ።

«እሱስ ይምጣ። አጠገቡ የተኙትስ?»

ግርማ ኮሌታውን ለቀቀና ለአለቃው ደውሎ ፈቃድ ጠየቀ። ዳዊት ያገኘውን ሲሊንደር ጭነው አብረው ሄዱ።

አሁን ግርማ ደወለልኝ። አባታቸው ኦክስጅን ተደርጎላቸዋል፣ ግን ገና አልተሻላቸውም። ስለ ድጎማው አነሳሁበት።

«ተወኝ እስቲ» አለኝ። «አባባ ጋ የደረስኩት ኮሪደር ላይ የተኙ ሰዎችን እየተሻገርኩ ነው።»

እናንተስ በዚህ ሰሞን ክልል ሆስፒታል ሰው አስታማችኋል? ያያችሁትን ከታች ጻፉልኝ፤ ለግርማ አሳየዋለሁ።