አባቴን ድሃ ለማሰኘት

ድሃ መሆናችንን ሱሉልታ ሜዳ ላይ የማያውቅ ሰው አልነበረም። መሬቱ የሰው፣ ላሞቹ የሰው፣ ክረምት ከክረምት የምንታገለው ጭቃ ብቻ የራሳችን ነበር። አባቴ አዲስ አበባ ለሚኖር ባለመሬት ጭሰኛ ነው። ድርቆሹን ያጭዳል፣ ከብቱን ይጠብቃል፣ ወተቱን በማለዳ በአህያ ጭኖ እንጦጦን ተሻግሮ ባለመሬቱ ደጃፍ ያደርሳል። ይህን አይቶ ይህ ሰው ድሃ ነው ለማለት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በደረስኩበት ዓመት ግን፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ማኅተም ያላረፈበት ድህነት ድህነት አልነበረም።

ወረቀቱ ያስፈለገኝ ለኮሌጅ ነው። ማስተማሩን በነፃ ያስተምራሉ፤ መኝታና ምግብ ግን ለሁሉም አይሰጡም። ከሩቅ ጠቅላይ ግዛት የመጣ ያገኛል፤ ቤተሰቡ አዲስ አበባና አካባቢዋ የሚኖር ከቤቱ እየተመላለሰ ይማር ተብሏል። ሱሉልታም «አካባቢ» ተባለች። ይህን የወሰነው ሰው በመስከረም ጭቃ ከሱሉልታ ተነስቶ እንጦጦን ወጥቶ ወርዶ ለጠዋት ትምህርት ይደርስ እንደሆነ አንድ ቀን ሞክሮት ቢሆን ደስ ባለኝ። እስከዚያ ድረስ የተማርኩት ጉለሌ የእናቴ እህት ቤት ተጠግቼ፣ ከልጆቿ ጋር መሬት እየተኛሁ ነበር። አክስቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ግን የመጀመሪያ ልጇ ሚስት ሊያገባ ነው፤ «ልጄ፣ እስከ ሰኔ ነው» ብላ በግልጽ ነግራኛለች። ስለዚህ ኮሌጁ ካላሳደረኝ ኮሌጅ የለም ማለት ነው። ሱሉልታ ተመልሼ ለጋብቻ የሚላከውን ሽማግሌ መጠበቅ ነው የሚቀረኝ።

ለአካባቢ ልጆች አንድ ቀዳዳ ብቻ ተከፍቷል፤ የድህነት ማስረጃ ማምጣት። ከወረዳ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት አንድ ጸሐፊ ከጭቃ ሹሙ ጋር ቤታችን ድረስ መጥቶ ኑሯችንን ያያል፤ ያየውን ጽፎ ለኮሌጁ ይልካል። እኔም ዐቢይ ጾም ሳይገባ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ መጣሁና ለእናቴ አስረዳኋት። በደንብ ነው ያስረዳኋት። «ኑሯችንን ሊያይ ነው የሚመጣው፤ ምንም ነገር እንዳትነኪ፤ ቤቱን እንዳለ ተዪው» አልኳት።

እናቴ ከዚህ ሁሉ የሰማችው ሰው እንደሚመጣ ብቻ ነው። «የመንግሥት ሰው ደጃፌ መጥቶ ቤቴን ራቁቱን ላሳየው? ገመናዬን?» አለችኝ።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ይመጣል ከተባለ ጎረቤት ያለውን ያውሳል፤ ነገ እነሱ ቤት ሲመጣ ደግሞ የእኛ ይሄዳል። እንግዳ የሚያየው የአንድን ቤት ዕቃ ሳይሆን የመንደሩን ዕቃ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገረውም። ብርጭቆዎቹ ጠላ ከምትሸጠው ጎረቤታችን መጡ። ጥልፍ ያለው የአልጋ ልብስ ከቄሱ ቤት መጥቶ መደቡ ላይ ተነጠፈ። መደገፊያ ያለው ወንበር በመንደሩ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የጭቃ ሹሙ ነው። ሚስቱ ራሷ ተሸክማ አመጣችው። አባቴ ደግሞ ለፋሲካ የሚቀልበውን ሙክት ከጓሮ ጎትቶ አወጣ። እየተከተልኩ ለመንኩት። «አባዬ፣ ድሃ ናቸው ብሎ ሊጽፍልን እኮ ነው የሚመጣው፤ ሙክት ታርዶ እንዴት ይሆናል?» አልኩት። ቢላውን እየሳለ ቀና አላለም። «ይጻፍ እንጂ። ማን ከለከለው? ጾሙን ግን አይሄድም» አለኝ።

ጸሐፊው ሐሙስ ቀን በበቅሎ መጣ። የአባቴን የመጀመሪያ ልጅ የማያክል ጎረምሳ ነው፤ አባቴን ሲያናግር ግን «አንተ» ነው የሚለው። አባቴ «ጌታዬ» እያለ በቅሎውን ያዘለት። ጭቃ ሹሙ ተከትሎ ገባ፤ የገዛ ወንበሩንም አየ። እኔ የእጅ ማስታጠቢያ ይዤ በሩ ሥር ቆሜ ነበር፤ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን የወንበሩን መደገፊያ በእጁ መታ መታ አድርጎ «ተደላድለው ይቀመጡ ጌታዬ» አለው ለጸሐፊው።

ጥያቄው ከጥብሱ ጋር ተጀመረ።

«ኦቦ፣ ኑሮ እንዴት ነው?»

«ገለታ ዋቃ፣ ተመስገን። ጤና ካለ ምን ጎደለን ጌታዬ» አለ አባቴ።

ጸሐፊው ጻፈ። እዚያ አገር ኑሮ እንዴት ነው ተብሎ ተጠይቆ ይህን የማይመልስ ሰው አይገኝም። ልጁን ቀብሮ የተመለሰ ሰው እንኳ መጀመሪያ ተመስገን ይላል፤ ቀጥሎ ነው የሚያለቅስ። ማስታጠቢያውን እንደያዝኩ «ጌታዬ፣ እሱ ሰላምታ ነው፤ መልስ አይደለም» አልኩ። ጸሐፊው ሳያየኝ «አንቺ ዝም በይ፤ የተጠየቀው አባትሽ ነው» አለኝ። አባቴ በዓይኑ ገሠጸኝ። በእንግዳ ፊት ልጅ አይናገርም።

«ላሞች አሉህ?» አለ ጸሐፊው።

«አሉ ጌታዬ። እርጎ ይምጣ?»

እናቴ እርጎውን ልታመጣ ተነሥታ ነበር። ላሞቹ የባለመሬቱ መሆናቸውን ማን ይናገር? ጸሐፊው የጠየቀው እርጎ አምሮት ነው ብለው ነው ሁለቱም የተቻኮሉት። እናቴ «ኛዻ፣ ኛዻ» እያለች፣ ብሉ ብሉ እያለች፣ በቅቤ የራሰ ጭኮም አቀረበች። በላ። ደግሞ በላ። ሲሄድም የሙክቱን አንድ የኋላ እግር በኮባ ቅጠል ሸፍነው ኮርቻው ላይ አሰሩለት። «ደግ ሰው ነው፤ አልተጸየፈንም» አለች እናቴ ከኋላው እያየች።

የበላበትን ወጭት ሰባሪ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሰውየውን በአካል ያገኘሁት ያኔ ነው።

ሰኔ ላይ ኮሌጁ ማመልከቻሽን አልተቀበልንም አለኝ። ለምን ብዬ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። ጉዳዩን የያዘው ሹም ባለ መነጽር፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ጨዋ ነው ብዬ ነበር። የወረዳውን ጽሑፍ አወጣና አነበበልኝ። ቤቱ በተሟላ ዕቃ የተደራጀ መሆኑን፣ የሚታለቡ ላሞች መኖራቸውን፣ የቤቱ ባለቤት ሙክት አርዶ ማስተናገዱን፣ ሲጠየቅም «ምን ጎደለን» ብሎ በገዛ አንደበቱ ማረጋገጡን። ከሥር የጭቃ ሹሙ ጣት በቀለም ታትሟል።

«ድሃ ሙክት ያርዳል?» አለኝ ሹሙ።

«እንግዳ ከመጣበት ያርዳል» አልኩት።

ፈገግ አለ። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ያ ፈገግታ ነው። ይህ ሰው እኮ የዚሁ አገር ሰው ነው። እናቱ ቤት እንግዳ ሲመጣ ከጎረቤት ብርጭቆ ስትዋስ አይቶ ያደገ ሰው ነው። ተማረና የማያውቅ መሰለ። ወረቀቱን ያነበበልኝ ከባሕር ማዶ ትናንት የመጣ ሰው በሚያነበው ዓይነት ነው። ደሜ ፈላ፤ ግን በእሱ እጅ ነኝ።

«አባትሽ ራሳቸው መጥተው ኮሚቴው ፊት ይናገሩ። ድሃ ከሆኑ ድሃ ነኝ ይበሉ። ሌላ መንገድ የለም» አለኝ።

ሱሉልታ እንደደረስኩ መጀመሪያ የሄድኩት ጭቃ ሹሙ ቤት ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚሉት ዓይነት ሰው ስለሆነ ጸሐፊው ጉቦ አብልቶታል ብዬ ነበር። ያ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «ወንበሩ የማን እንደሆነ እያወቁ እንዴት ፈረሙ?» አልኩት። ተገረመ፤ ከልቡ ነው የተገረመው። «አባትሽን በእንግዳ ፊት ላዋርደው ኖሯል? ወንበሩ የኔ ነው ልበል? እንዲህ ያለ ነውር ሠርቼ የት ልገባ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። በእኛ ሕግ ትክክል ሠርቷል። ስድብ ይዤ ሄጄ ስድቤን ይዤ ተመለስኩ፤ ንዴቴም ባሰ።

አባቴ አሻፈረኝ አለ። ድሃ ማለት ለእሱ የታወቁ ሰዎች ናቸው። በማርያም ቀን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው እጃቸውን የሚዘረጉ ናቸው። እሱ ደግሞ ከእነሱ ፊት ቆሞ ከቋጠሮው ፈትቶ የሚሰጥ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ የሰጠ ሰው ነው። «ከነሱ ጋር ተቀመጥ ነው የምትዪኝ?» አለኝ። «እጄ አለ፣ እግሬ አለ፣ ሠርቼ አበላኋችሁ። ፈጣሪ የሰጠኝን ክጄ የለኝም ልበል?» ሁለት ቀን ከማለዳ እስከ ማታ ከከብቱ ጋር ሜዳ ዋለ። በመጨረሻ እናቴ ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ማለዳ ላይ የክት ጋቢውን ለብሶ ወጣ፤ ጫማውን በእጁ ይዟል። ከተማ ስንቃረብ እግሩን ታጥቦ አጠለቀው።

ትምህርት ቤት ያሉ ጓደኞቼ የተቀደደ ልብስ ይልበስ ብለው መክረውኝ ነበር። ንገሪው ቢሉኝ አንገቴን እሰጣለሁ እንጂ አልነግረውም። ነጭ ጋቢውን አስተካክሎ ሦስት ሰዎች ፊት ቆመ። ወንበር አለ፤ ተቀመጡ ያለው ግን የለም። ጋቢውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ልጅዎን ለማስተማር አቅም አለዎት ወይስ የለዎትም?» አለ መካከል የተቀመጠው።

«ተመስገን ጌታዬ» አለ አባቴ ከልማዱ።

ሰዎቹ ተያዩ። ባለ መነጽሩ ሹም ወደ እኔ ዞሮ ይኸው እንዳልኩሽ በሚል ዓይን አየኝ። መናገር ፈለግሁ፤ ግን ዝም እንድል አስቀድሞ ተነግሮኛል።

«የለኝም» አለ አባቴ። «ድሃ ነኝ።»

የሚጽፈው ሰው አልሰማም ነበር። «ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ» አለ ብዕሩን እንደያዘ።

«ድሃ ነኝ ጌታዬ» አለ አባቴ፤ ሜዳ ላይ ከብት እንደሚጠራ ጮክ ብሎ ነው ያለው። ኮሪደር ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ሁሉ ሰሙት። ከዚያ ለራሱ በኦሮምኛ፣ ዋቃ ይቅር በለኝ አለ። ከእኔ በቀር የገባው ሰው አልነበረም።

ተፈቀደልኝ። መኝታና ምግብ፣ ትንሽም የኪስ ገንዘብ። አባቴን ለማሰናበት የተነሣ ሰው አልነበረም፤ ሹሙ ግን ጨዋ ስለሆነ እስከ በሩ ሸኘንና አንድ ነገር ረስቶ ኖሮ እዚያ ነገረን። «በየዓመቱ ይታደሳል። መስከረም መስከረም ብቅ እያሉ ያረጋግጣሉ» አለው።

ያረጋግጣሉ ነው ያለው። ድህነት በዓመቱ ይሄዳል ብለው ፈርተው ይሆናል።

አባቴም መጣ። በየመስከረሙ ጫማውን በእጁ ይዞ እንጦጦን ወርዶ ይመጣል፤ እኔ ከመማሪያ ክፍል ወጥቼ አብሬው እቆማለሁ። በሁለተኛው ዓመትም ድምፁ ዝቅ አለ፤ ከፍ ያድርጉ ተባለ። በሦስተኛው ዓመት ሳይነገረው ከፍ አደረገ። በአራተኛው ዓመት በሩን ገና ሲገባ ያ ይጽፍ የነበረው ሰው ቀና ብሎ አወቀው፤ በደስታም ነው፣ ክፋት የለውም፣ «ድሃው መጡ» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። አባቴም አብሮ ሳቀ፤ እጅ ነሣ።

ማሽላ እያረረ ይስቃል ይባላል። አባቴ ግን አላረረም፤ ፊቱን አይቼዋለሁ። እኔ ነኝ ያረርኩት። ይህ ከሆነ ስንት ዘመን አለፈ፤ ንጉሡም ወረዱ፣ ባለመሬቱም መሬቱን ተነጠቀ፣ እኔም በተማርኩት ትምህርት ቤተሰቤን ጦርኩ። ኮሌጁን አመሰግናለሁ፤ ውሸት አይደለም። ይቅር ግን አላልኩም።

በአራተኛው ዓመት ያን ቀን ከበሩ ስንወጣ አባቴ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘ። «ዘንድሮ ቶሎ ለቀቁኝ» አለኝ ደስ ብሎት። «ለምደውኛል መሰለኝ።»