እርጥብ ጆንያ የለበሰው ማቀዝቀዣ

ይህ ነገር የደረሰው በደርግ ዘመን፣ ናዝሬት ላይ፣ በዐቢይ ጾም መገባደጃ ነው። ብዙ ዓመት ቢያልፈውም፣ የአየር ማቀዝቀዣ ድምፅ በድንገት ሲቋረጥ ዛሬም ልቤ ይደነግጣል።

በዚያን ጊዜ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርሁ። ከቅኔ ቤት መምጣቴን የሚያውቁ ባልደረቦቼ «መሪጌታ» ይሉኛል፤ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ደግሞ ለማላገጥ «ጓድ መሪጌታ» ይለኝ ነበር።

ለመሥሪያ ቤታችን ቁም ሣጥን የሚያህል ኮምፒውተር መጣ። የናዝሬት ቀትር ግን አልተስማማውም፤ ሙቀቱ ሲበረታ ቀጥ ይላል። የማሽኑ ባለሙያ ፈቃዱ የሚባል ወጣት ነበር። ጴንጤ ነው እየተባለ ስለሚታማ ካድሬው በክፉ ዐይን ያየዋል።

«ከአዲስ አበባ እንግዶች ሲመጡ ይህ ማሽን ቢቆም፣ አሻጥር ብዬ ነው የማሳውቀው» አለው በሁላችን ፊት። በአሻጥር የተከሰሰ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ እናውቅ ነበር። የፈቃዱ ሚስት ደግሞ የመውለጃዋ ጊዜ ደርሶ ነበር።

ፈቃዱ አስፈቅዶ የሥራ አስኪያጁን ማቀዝቀዣ ከቢሮው መስኮት ነቀለ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ አስፈልፍሎ ገጠመው። ከዕቃ ግምጃ ቤት ያወጣሁለትን የድንኳን ሸራ እንደ እጅጌ ሰፍቶ፣ ቀዝቃዛው ነፋስ በቀጥታ ወደ ማሽኑ ሆድ እንዲገባ አደረገ። የማቀዝቀዣው ጀርባ ወደ ጓሮ ወጥቶ ሙቀቱን እዚያ ይተፋል። ሞከርነው፤ በቀትርም አልቆመም።

እንግዶቹ የመጡ ዕለት ግን፣ ፈቃዱ ገና ማስረዳት እንደ ጀመረ ማቀዝቀዣው አጓርቶ ዝም አለ። ክፍሉ ወዲያው ታፈነ። ጥቂት ቆይቶ የኮምፒውተሩ መብራቶች ጠፉ።

ካድሬው ወደ እኔ ዞሮ «ጓድ መሪጌታ፣ ሸራውን የሰጡት በጸሎት ይቀዘቅዛል ብለው ነው?» አለኝ። በልቤ ውዳሴ ማርያም ጀመርሁ፤ ከልጅነቴ የማውቀው ጸሎት ከመጀመሪያው ቃል አላልፍ አለኝ።

ካድሬው «ጥበቃ!» ሲል ተጣራ። ጥበቃው ኦቦ ቱፋ ገቡ። «ይህን ሰው ያዘው» አለ ወደ ፈቃዱ እያመለከተ።

ኦቦ ቱፋ ከበሩ አልተንቀሳቀሱም። «እሱን አልይዝም» አሉ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ከኋላው እሳት ሲተፋ አየሁና ሞተሩ ታሟል ብዬ፣ ጆንያ አርሼ አለበስሁት።»

«ማን አዘዘህ?»

«ፀሐይዋ።»

የሣቀ ሰው አልነበረም። ኦቦ ቱፋ ሁለት እጆቻቸውን አጋጥመው ለካድሬው ዘረጉለት።

የእንግዶቹ አለቃ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። ወደ ጓሮ ወጡ፤ ተከተልናቸው። ማቀዝቀዣው እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ አገኘነው፤ ትንፋሽ የሚያገኝበት ቀዳዳ አልነበረውም። ከአጠገቡ፣ በግራሩ ጥላ ሥር፣ እንዲሁ እርጥብ ጆንያ የለበሰ ጀሪካን ተቀምጧል።

«ይኸኛውስ?» አሉ እንግዳው።

«የምጠጣው ውሃ ነው ጌታዬ። ጆንያ ሲለብስ ይበርዳል። ያኛውም ይበርዳል ብዬ ነው።»

እንግዳው ጣሳ አስመጥተው ቀዱ። እስኪጨርሱ ድረስ ሁላችንም ጉሮሯቸውን እናይ ነበር። ከዚያ ጣሳውን ለካድሬው አቀበሉትና «ጓድ፣ ይህ አሻጥር ከሆነ እኔም ጠጥቼዋለሁ» አሉት።

ካድሬው ጣሳውን እንደ ያዘ ቀረ። ፈቃዱ ጆንያውን ፈታ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን ስናስነሣው፣ ማሽኑም ሠራ። በዚያው ሰሞን ፈቃዱ ሴት ልጅ ወለደ፤ ኦቦ ቱፋም በጥበቃቸው ቀጠሉ።

ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ከተመለስሁ ወዲህ፣ ስለ ንስሐና ስለ ኑዛዜ ብዙ ተምሬአለሁ፣ አስተምሬአለሁም። ባስተማርሁ ቁጥር ግን በፊቴ የሚመጡት እነዚያ የተዘረጉ እጆች ናቸው። ኦቦ ቱፋ ካረፉ ቆይተዋል። በጸሎት ሰው የሚነሣው በክርስትና ስሙ ነው፤ እሳቸው ሃይማኖታቸው ሌላ ስለ ነበር የክርስትና ስም የላቸውም። እኔም ከሌሎቹ ስሞች መካከል «ቱፋ» እያልሁ አነሣቸዋለሁ፤ የሚሰማው ያውቃቸዋልና።