ካቻቢቴ ከወንበሯ አትነሳም

ሰፈሩ የሚያውቃት ካቻቢቴ በሚል ቅጽል ስሟ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በልብስ ፋብሪካ የስፌት መኪና ጠግናለች። ፋብሪካው ሲዘጋ ስማርት ኮንትራት፣ ማለትም የተስማሙበት ነገር ሲሟላ ራሱን በራሱ የሚያስፈጽም ውል፣ በኮምፒውተር መጻፍ የሚያስተምር ማሠልጠኛ ገባች። የማሠልጠኛው ሕግ አጭር ነው፦ ሐሙስ እስከ ስድስት ሰዓት ውሉ የሚጻፍባቸውን ፕሮግራሞች፣ ፓኬጆቹን፣ ላፕቶፑ ላይ ጭኖ የመጀመሪያውን ሙከራ ያላሳለፈ፣ ወንበሩን ለተጠባባቂ ይለቃል።

ፓኬጆቹ ግን አልጫን አሉ። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በቀይ ጽሑፍ ተሞላ።

ኮምፒውተር ቤት የሚሠራው የባሏ ታናሽ ወንድም ረቡዕ መጥቶ አየላት።

«እትዬ፣ ሁሉንም አጥፊና እንደ አዲስ ጫኚ።»

«ሦስቴ አጠፋሁ። ሦስቴም ያው ነው።»

«እንግዲያው ላፕቶፑም እንደ አንቺ ጡረታ ይውጣ።»

«ምላስህን ሰብስብ። እኛ መኪና ክር በጠሰ ብለን ሞተር አንጥልም ነበር።»

ሐሙስ ጠዋት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ደብተሯን አወጣች። እስከዚያ ድረስ የምታነበው «አልተሳካም» የሚለውን የመጨረሻ መስመር ብቻ ነበር። አሁን ወደ ላይ ወጥታ የመጀመሪያውን ቀይ መስመር ቃል በቃል ገለበጠች። ፓኬጁ የሚፈልገው እሱን የሚያስኬደው ፕሮግራም ሃያኛ ቨርዥን ነው፤ እሷ ጋ ያለው ሃያ ሦስተኛው። ለምን? የማሠልጠኛው መመሪያ ወረቀት «አዲሱን ጫኑ» ስላለ። ቁጥሩ ያልገጠመ መርፌ አዲስ ቢሆንም አይሰፋም፤ ይህን ለእሷ መንገር አያስፈልግም። ሃያ ሦስቱን አወጣች፣ ሃያውን አስገባች፣ ፓኬጆቹን እንደገና ጫነች። ኔትወርኩ እየተንቀረፈፈ ሙከራው ሲያልፍ ስድስት ሰዓት ከሃያ ሆነ።

ተጠባባቂው ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቶ በር ላይ ቆሟል።

«እህቴ፣ ሰዓቱ አልፏል» አላት የማሠልጠኛው አስተባባሪ። «ሕግ ሕግ ነው።»

«ይቺን ወረቀት ማን ጻፋት?»

«እኛ።»

«መስመር አራትን አንብባት። ባዘዛችሁት ቨርዥን ፓኬጁ አይጫንም። ሦስት ቀኔን የበላችው የእናንተ ወረቀት ናት። መጀመሪያ እሷን አርም፤ ስለ እኔ መነሳት ከዚያ በኋላ እናወራለን።»

«የእኔም ሃያ ሦስት ነው፤ አልጫን ብሎኛል» አለች ከኋላ አንዷ፣ ቀስ ብላ።

«የእኔም» አለ በመስኮቱ በኩል ያለው።

አስተባባሪው ወረቀቱን አገላብጦ እስክሪብቶ ፈለገ። «አራት ነው ያልሽው?»

«አራት።» ስትመልስ ቀና እንኳ አላለችም፤ ሁለተኛውን ትምህርት ከፍታ ነበር።

ቀነ ገደቡ ለሁሉም ወደ ሰኞ ተዛወረ። ተጠባባቂውም ሰኞ ተመለስ ተባለ።