የሁለት ልብስ ሰፊዎች ቅልጥም

ነፋስ ስልክ ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ በረንዳ ላይ፣ ልብስ ሰፊው ቸኮልና ልብስ ሰፊው አህመድ አስራ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰፍተዋል። ቸኮል ያን ሁሉ ዘመን የኖረው አህመድን በጎን እያየ ነው። ደንበኛ ወደ አህመድ በታጠፈ ቁጥር አንድ ብሎ ይቆጥርበታል። አህመድ ደግሞ ቅናቱን አንድም ቀን አውቆበት አያውቅም፤ ቸኮልን ይበልጥ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

በ1987 ዓ.ም. ሰኔ በባተ ዕለት፣ ወደ ኋላ ሲመለስ የነበረ ሚኒባስ በረንዳው ላይ ወጥቶ የሁለቱንም ቀኝ ቅልጥም ሰበረ። ፔዳል የሚረግጡበትን እግር! የክሊኒኩ ነርስ ኤሌኒ ዕድሜያቸውን፣ ክብደታቸውንና የስብራቱን ዓይነት መዝግባ፣ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የመዳኛ ጊዜ ግራፍ ጋር አመሳከረች። መስመሩ ከሁለት መቶ በሽተኞች መዝገብ የተሰላ ነው፤ ክራንቹን የጣለ ሁሉ በዳነበት ሳምንት አንድ ነጥብ ይደረግለታል።

"ሁለታችሁም አስራ አራት ሳምንት። መስከረም ሦስት ትነሣላችሁ" አለች።

ቸኮል ሳያስበው ደስ አለው። የነሐሴ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የዓመቱ ትልቁ ሥራ፣ ሊያመልጠው ነው፤ ግን አህመድንም ያመልጠዋል።

አህመድ በዘጠነኛው ሳምንት ክራንቹን ጥሎ ተነሣ።

ቸኮል ሚስቱን ተሾመችን ልኮ አህመድ ምን እንደሚበላ አስጠየቀ፤ አብሽ ይጠጣል ሲሉት አብሽ ጠጣ። ኤሌኒ ያዘዘችውን እንቅስቃሴ እጥፍ ሠራ። ሲቸግረው አህመድን ራሱን ጠየቀው።

"ወላሂ ምንም አላደረግኩም፣ ወንድሜ። ዳነ፤ አልሃምዱሊላህ።"

ምነው አንድ ነገር ባደረገ! ቸኮል ሄዶ ኤሌኒን አፋጠጣት።

"ወረቀትሽ ዋሽቷል።"

"አልዋሸም፣ ጋሽ ቸኮል። ወረቀቱ ብዙኃኑን እንጂ አህመድን አያውቅም። አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል።"

"እኔስ?"

"እናያለን።"

ነሐሴን በረንዳው ጥግ ተቀምጦ፣ ሰማያዊው ዩኒፎርም በአህመድ በኩል ሲከመር እያየ ጨረሰው። ሥራው አምልጧል። አሁን የሚመኘው ወረቀቱን በአንድ ቀን እንኳ መቅደም ነበር። በየጠዋቱ ክራንቹን ለመጣል ይሞክራል፤ እግሩ እንቢ ይለዋል።

መስከረም ሦስት ጠዋት፣ ኤሌኒ ፊት፣ ያለ ክራንች ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ተራመደ። ምንም አላመመውም። እሷ በደስታ አጨበጨበችና እርሳሷን አንሥታ ነጥቡን አኖረች። ነጥቡ መስመሩ ላይ ቁጭ አለ። የአህመድ ነጥብ ከሁሉም ርቆ ብቻውን ይታያል።

ቸኮል ቀርቦ መስመሩ ላይ ያለውን የራሱን ነጥብ በጣቱ ነካ።

"ኤሌኒ፣ ልጄ፣ ይችን ነጥብ ትንሽ ፈቀቅ አድርጊልኝ።"

"ወደየት? ወደ አህመድ?"

"ወደፈለግሽው። ወደ ዘገዩትም ይሁን። ብቻ ከመስመሩ ላይ አንሺልኝ።"